የት ድረስ ይሄዳል?

በ1990ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር አልነሳ ካለ መድኃኒቱ አንድ ነበር፤ ፎርማት። ጥቁር ሆኖ ቢቀር ፎርማት፣ ሰማያዊ ሆኖ በእንግሊዝኛ ቢለፈልፍ ፎርማት፣ ቫይረስ ቢገባው ፎርማት፣ እንዲያው ቀሰስ ቢልም ፎርማት። ጠጋኝና ደንበኛ ይህን ያህል የተስማሙበት ሌላ ጉዳይ አላውቅም። ሰዉ ሲፒዩውን (ሙሉ ሣጥኑን ነው ሲፒዩ የምንለው፤ ዛሬም አልተውነውም) በላዳ ታክሲ ጭኖ ይመጣና ገና ከደጃፉ «ፎርማት ስንት ነው?» ይላል። ምን ነካው፣ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ትናንት ምን ተጫነበት ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ለነገሩ ፎርማት ባለሙያውንም ይመቸው ነበር። አንድ የተቀዳ የዊንዶውስ ኤክስፒ ሲዲ አለው፤ ሲሪያል ቁጥሩ ላዩ ላይ በማርከር ተጽፏል። ሲዲውን ከትቶ፣ ማኪያቶውን ጠጥቶ እስኪመለስ ዊንዶው ተጭኖ ይጠብቀዋል። ምን እንደተበላሸ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ዋጋው ያው ነው። ምክንያቱን አሳድዶ መያዝ ግን ሰዓት ይበላል፤ ለሰዓት ደግሞ የሚከፍል የለም። ሃርድ ዲስኩ ሲ እና ዲ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ ደንበኛውም «ዶክመንትህን ሁልጊዜ ዲ ላይ አድርግ፤ ሲ ቢጠፋ ዲ አይነካም» ተብሎ ይመከራል። ምክሩ ክፉ አልነበረም። ሰው ግን ፋይሉን የሚያስቀምጠው ዓይኑ የሚያርፍበት ዴስክቶፕ ላይ ነው፤ ዴስክቶፕ ደግሞ ያለው ሲ ውስጥ ነው። ስንቱ የልጁን ክርስትና ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የዕቁቡን ሒሳብ በዚህ መንገድ እንደሸኘ እግዜር ይወቀው።

እኛ ዘንድ ሌላም ጣጣ ነበረው። ያኔ አብዛኛው የአማርኛ ጽሑፍ የሚተየበው በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ነበር። የዚያ ዘመን ፎንቶች ዩኒኮድ አልነበሩም፤ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝ መልክ አስቀምጠው ነው የሚሠሩት። እናም ፋይሉ ዲ ላይ ተርፎ እንኳ ፎንቱ ከሲ ጋር አብሮ ከጠፋ፣ ማመልከቻው ሲከፈት የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ሆኖ ይወጣል። ፎርማት ያደረገው ልጅ «ዳታሽ አንድም አልጠፋም» ብሎ ምሎ ይሄዳል፤ ጸሐፊዋ ፋይሏን ስትከፍት ሰው የማያነበው ነገር ታገኛለች። ልጁ አልዋሸም። እሷም የጮኸችው በከንቱ አልነበረም።

እኔ ሥራውን የተማርኩት ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በሚወስደው መንገድ ላይ በነበረች ጠባብ ሱቅ ነው። ባለቤቱ ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ራዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ፎርማትን ይጠሉት ነበር ብል አላጋነንኩም። ራዲዮ ፎርማት አይደረግማ! ድምፁ የት ጋ እንደሞተ በቴስተር እየተከተሉ ካልደረሱበት በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ይህንኑ ልማዳቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ይዘውት መጡ። ደንበኛ «አልነሳ አለኝ» ሲላቸው የሚያስከትሉት ጥያቄ ምንጊዜም ያው ነበር።

«የት ድረስ ይሄዳል?»

ደንበኛው ግራ ይጋባል። ኮምፒውተር የት ይሄዳል?

«መንቃቱን ይነቃል ወይስ ጭራሽ? ጢጥ ይላል? አርማው ይመጣል? ከአርማው ሥር ያለችው ሰማያዊ መስመር ትንቀሳቀሳለች ወይስ ቆማለች?»

አብዛኛው ሰው መልሱን አያውቀውም። ያን ጊዜ ጋሼ ሶኬቱን ይሰኩና ደንበኛውን ከአጠገባቸው አቁመው አብረው ያያሉ። እኔም የገባኝ እዚያው ቆሜ እያየሁ ነው። ኮምፒውተር በአንዴ አይነሳም፤ አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ነው የሚነሳው። መጀመሪያ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ ራሙ፣ ኪቦርዱና ዲስኩ በቦታቸው መሆናቸውን ይፈትሻል፤ ደህና ከሆኑ አንዴ ጢጥ ይላል። ቀጥሎ የሃርድ ዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር፣ 512 ባይት ብቻ የሆነችውን፣ አንብቦ ሥራውን ለእሷ ያስረክባል። በኤክስፒ ዘመን ተራው ከዚያ ኤንቲኤልዲአር ለተባለው ፋይል ይደርሳል፤ እሱ ዊንዶውስ በየትኛው ክፍል እንዳለ ከአንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አንብቦ ከርነሉንና ለመነሻ የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች ወደ ራም ይጭናል። አርማው የሚታየው በዚህ መሐል ነው። የይለፍ ቃል መጠየቂያው የሚመጣው ከሁሉም በኋላ።

እንግዲህ ጢጥታው ከተደጋገመ ነገሩ ከዊንዶውስ ጋር አይገናኝም፤ ራሙ ይነቀልና የወርቅ መልክ ያላቸው ጥርሶቹ በላጲስ ይታሻሉ። ጥቁር ስክሪን ላይ «ኤንቲኤልዲአር የለም» ካለ ገና አርማው ጋ አልደረሰምና ድራይቨር መጠርጠር ጊዜ ማባከን ነው። (ከዚያም በፊት ፍሎፒ ውስጡ ረስተው እንደሆነ ማየት ይገባል። ፍሎፒውን አውጥተን፣ ማሽኑን አስነስተን፣ ሳናስከፍል የሸኘናቸው ብዙ ናቸው፤ ጋሼ በዚህ አይደራደሩም ነበር።) አርማው መጥቶ ሰማያዊ ከሆነ ግን በአብዛኛው አንድ ድራይቨር ነው። ማሽኑ የቆመበት ቦታ ጥፋተኛውን ባይናገርም ሰፈሩን ይጠቁማል።

ይህ ሁሉ ዋጋው የታየን ሰርቪስ ፓክ 3 ሲወጣ ነው። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የመጨረሻውን ትልቅ አፕዴት ለሕዝብ የለቀቀው ሚያዝያ 28 ቀን 2000 ዓ.ም. ነበር። መጠኑ 316 ሜጋ ባይት ነው። በዳያል አፕ፣ መስመሩ አንዴም ሳይቋረጥ በሙሉ ፍጥነቱ ቢሄድ እንኳ ከ12 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ያ መስመር ደግሞ ሳይቋረጥ የሚውልበት ቀን አልነበረም። ስለዚህ ፋይሉ የሚዞረው በሰው እጅ ነበር። አንዱ ጥሩ ኢንተርኔት ካለው መሥሪያ ቤቱ ያወርደዋል፣ ሲዲ ላይ ይገለብጠዋል፣ ከዚያ ከሱቅ ሱቅ እንቀባበለዋለን። ክረምቱ ሲገባ እኛም ጋ ደረሰ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ዓይነት ጠባይ ያላቸው ማሽኖች ይመጡልን ጀመር። ሁሉም የአንድ አምራች፣ ሁሉም ባለ ኤኤምዲ ፕሮሰሰር። አርማው ይመጣል፣ መስመሯ ትንሽ ትሄዳለች፣ ስክሪኑ ብልጭ ይልና እንደገና ከጢጥታው ይጀምራል። ካላጠፉት ሲዞር ያድራል። ብልጭ የሚለው ነገር ሰማያዊው ስክሪን ነው፤ ኤክስፒ ሲወድቅ ወዲያው ራሱን መልሶ እንዲያስነሳ ተደርጎ ስለሚመጣ ግን ለማንበብ ፋታ አይሰጥም። ጋሼ ኤፍ 8ን ደጋግመው ተጫኑና ከመጣው ዝርዝር ውስጥ ሲስተሙ ሲወድቅ በራሱ እንዳይነሳ የሚያደርገውን መረጡ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቀጥ አለ። በዜሮዎች የተሞላ፣ መጨረሻው 7ኢ የሆነ ቁጥር ነበር። ወረቀት ሞልቶ ሳለ መዳፋቸው ላይ በቢክ ጻፉት።

«አየህ? አሁን ቆመ» አሉኝ። «የቆመ ነገር ይነበባል።»

ሴፍ ሞድ ገባልን። ያ ብቻውን ትልቅ ወሬ ነበር፤ በሴፍ ሞድ የሚጫኑት የግድ የሆኑት ድራይቨሮች ብቻ ናቸውና፣ እዚያ ከተነሳ ከርነሉም ዲስኩም ጤነኛ ነው ማለት ነው። ጥፋተኛው ሴፍ ሞድ ከማይጠራቸው አንዱ ነው። ማንነቱንም በውጭ አገር ያሉ ባለሙያዎች ደርሰውበት ነበር። አምራቹ ለኢንቴል ማሽኖች ያዘጋጀውን የዊንዶውስ ቅጂ እንዳለ ባለ ኤኤምዲዎቹም ላይ ገልብጦታል። በዚህ የተነሳ በኤኤምዲ ማሽን ሬጅስትሪ ውስጥ ኢንቴልፒፒኤም የተባለ፣ የኢንቴል ፕሮሰሰርን የኃይል አጠቃቀም የሚያስተዳድር ድራይቨር ሁልጊዜ እንዲነሳ ተመዝግቧል። ማሽኑ ሲሸጥም፣ ለዓመታት ሲሠራም እዚያው ነበር። ሰርቪስ ፓክ 3 ሲገባ ግን ያ ድራይቨር በኤኤምዲው ላይ ሊነሳ ይሞክርና ሁሉንም ይዞ ይወድቃል።

መፍትሔው አንድ መስመር ትእዛዝ ነበር። ሴፍ ሞድ ውስጥ ጥቁሩ መስኮት ይከፈትና «ኤስሲ ኮንፊግ ኢንቴልፒፒኤም ስታርት» ይጻፋል፤ ከዚያ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ «ዲሴብልድ»። ያቺ ከእኩል ምልክቱ በኋላ ያለች ክፍት ቦታ ከተዘለለች ትእዛዙ አይሠራም። ለምን እንደዚያ ተደርጎ እንደተሠራ ዛሬም አይዋጥልኝም፤ ስንቱ ጎበዝ ጠጋኝ በባዶ ቦታ ተሰናክሎ «ይሄ ነገር ውሸት ነው» ብሎ ወደ ፎርማቱ ተመልሷል። የተመለሰው ደግሞ ከአምራቹ ማስመለሻ ዲስክ ከጫነ ያንኑ የኢንቴል ቅጂ ነው መልሶ የሚያመጣው። ሰርቪስ ፓኩን ሲጭንበት ማሽኑ እንደገና መዞር ይጀምራል። አንድ ደንበኛ ሌላ ሱቅ ፎርማት አስደርጎ፣ ፋይሉን ሁሉ አስጠፍቶ፣ ከነ ዙረቱ እኛ ጋ ይዞት መጣ። ጋሼ ያቺን መስመር ሲጽፉለት ሰውዬው ደስታም ንዴትም ተደባልቆበት የሚለው ጠፋው።

«አፕዴቱ አልሰበረውም» አሉት ጋሼ። «ድሮ የተሰበረውን ነው ያሳየህ።»

ይህን አነጋገር ይወዱት ነበር። እኔ ግን እንደ እሳቸው ሙሉ በሙሉ አልተቀበልኩትም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሆነ። ያ ዓመት ለጠጋኝ የመከር ወቅት ነበር ብል ነውር ይሆንብኛል፤ ግን ነበር። ኤክስፒ ሊጠፋ ሲል የተጠራቀመ አፕዴት ካለው «ኮምፒውተሩን አያጥፉ፣ ሶኬቱን አይንቀሉ» ብሎ እየቆጠረ ይጭናል። የሚሄደው መብራት ይህን ማስጠንቀቂያ አያነብም። ዩፒኤስ ያለው ጥቂት ነው፤ ያለውም ባትሪው ካረጀ ቆይቷል። ጠዋት መብራቱ ሲመለስ ጥቁር ስክሪን ላይ ሁለት ሦስት መስመር ነጭ ጽሑፍ ይጠብቃል፤ በኮንፊግ ፎልደር ውስጥ ያለው «ሲስተም» የተባለው ፋይል ጠፍቷል ወይም ተበላሽቷል የሚል። ይህ ፋይል የሬጅስትሪው አንድ ክፍል ነው፤ የትኛው ድራይቨር በምን ተራ እንደሚነሳ የተመዘገበው እሱ ላይ ነው። እየተጻፈበት ሳለ መብራት ከሄደ መዝገቡ በግማሽ ይቀራል።

ከልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ በመጻፍ የምትተዳደር ሴት ነበረች። ሲፒዩዋን በኩሊ አሸክማ መጣች፤ ገና ሳይወርድ፣

«ጋሼ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ፎርማት እንዳያደርጉብኝ! የሰው ጉዳይ ነው ያለበት፤ ነገ መልስ የሚያቀርቡ ሰዎች አሉብኝ።»

«አይዞሽ ልጄ። ፋይልሽ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ፊት ለፊት ላይ።»

ዴስክቶፕ ማለቷ ነው። ሲ ላይ።

ጋሼ ከመሳቢያቸው የኡቡንቱ ሲዲ አወጡ። በዚያን ዘመን ኡቡንቱን የሚያዘጋጀው ድርጅት ሺፕኢት በተባለ አገልግሎቱ ሲዲውን ለጠየቀው ሁሉ በፖስታ በነጻ ይልክ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 እስኪያቆመው ድረስ። እኛም የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያለው ዘመድ ፈልገን አስልከን ነበር። የኡቡንቱ ጥቅሙ ምንም ሳይጫን ከሲዲው ላይ መነሳቱ ነው፤ የታመመው ሃርድ ዲስክ እንደ ማንኛውም ዕቃ በጎን ይከፈታል። መጀመሪያ እንቢ አለ፤ ዲስኩ በሥርዓት ሳይዘጋ የቀረ ነው፣ በግድ ክፈት ካላላችሁኝ አልከፍትም አለ። በግድ ተከፈተ። ጋሼ ምንም ነገር ከመንካታቸው በፊት ዴስክቶፑን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ አስገለበጡኝ። ጨረስኩ ብዬ ቀና ስል፣

«ፎንትስ የሚለውንስ ፎልደር?» አሉኝ። «አማርኛዋ እኮ ያለው እዚያ ነው።»

ከዚያ ወደ ዋናው ሥራ ገባን። ኤክስፒ የተጫነ ዕለት የሬጅስትሪውን ቅጂ «ሪፔር» በተባለ ፎልደር ያስቀምጣል። እሱን መመለስ ማሽኑን ያስነሳዋል፤ ግን ማሽኑ የሚያውቀው የተጫነበትን ቀን ብቻ ይሆናል፤ ፕሪንተሩም ሌላው ሁሉ ተረስቷል። የተሻለው ያለው ሲስተም ሪስቶር በየጊዜው በሚያነሳቸው ቅጂዎች ውስጥ ነው፤ ለተጠቃሚ በተደበቀ ፎልደር፣ በተራ ቁጥር ተደርድረው። ቀኑን እያየን መብራቱ ከሄደበት ማታ በፊት የነበረውን የመጨረሻውን መረጥን። የተበላሸውን ፋይል አልሰረዝነውም፤ ስሙን ለውጠን እዚያው ተውነው። በቦታው ደህነኛውን አስገብተን «ሲስተም» ብለን ሰየምነው። ሲዲውን አውጥተን አስነሳነው። ጢጥ። አርማ። መስመሯ ሄደች። የእመቤታችን ሥዕል ያለበት ዴስክቶፕ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በፋይል የተሞላ፣ ብቅ አለ። ሴትዮዋ አንዱን ማመልከቻ ከፈተችው፤ ፊደሉ አማርኛ ነው። አመሰግናለሁ ብላ ትወስዳለች ስንል ወንበሬን ስባ እዚያው ሱቃችን ውስጥ መተየብ ጀመረች። ፍርድ ቤቱ ሳይዘጋ መድረስ ነበረባት።

የ2002ቱ ነገር ግን ከሁሉም ይለይብኛል። የካቲት 2 ቀን ማክሰኞ ማይክሮሶፍት የወሩን ጥገናዎች ለቀቀ። ከመሐላቸው ኬቢ 977165 የተባለው በከርነሉ ላይ የተገኘ ቀዳዳ የሚደፍን ነበር። እሱን የጫኑ ብዙ የኤክስፒ ማሽኖች ከዚያ ወዲያ ሰማያዊ ሆነው ቀሩ። ኤፍ 8 ተጭነን ሴፍ ሞድ ስንሞክር ያም ሰማያዊ ነው። ጋሼን እንደዚያ ግንባራቸውን ቋጥረው አይቻቸው አላውቅም። ሴፍ ሞድ እንኳ ካልገባ፣ የሚጥለው ድራይቨር ሴፍ ሞድም የግድ ከሚጠራቸው አንዱ ነው ማለት ነው።

ማይክሮሶፍት አፕዴቱን በራስ ሰር መላኩን አቆመና ሲመረምር ቆይቶ በሳምንቱ ገደማ ምክንያቱን ተናገረ፤ አልዩሪዮን። ይህ ሩትኪት የሚባለው ዓይነት ቫይረስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ኤታፒ የተባለውን የዲስክ ድራይቨር በክሎ፣ ፀረ ቫይረስ ከሚያይበት ዝቅ ብሎ ይኖራል። የዲስክ ድራይቨር ነውና ሴፍ ሞድም ያለ እሱ አይነሳም። የቫይረሱ ጸሐፊዎች ከርነሉ ውስጥ የሚፈልጓቸው አገልግሎቶች ከመነሻው ስንት ርቀት ላይ እንዳሉ ለክተው ቁጥሩን ድርቅ አድርገው ጽፈውታል። አፕዴቱ ከርነሉን ሲቀይር ርቀቶቹ ተዛነፉ። በጨለማ የሰው ቤት ለምዶ የሚገባ ሌባ፣ ባለቤቱ ቡፌውን አዙሮበት አድሮ ሲጋጭና ቤቱን በላዩ ሲያወርድ፣ ያ ነው የሆነው። ቤተሰቡም ነቅቶ የሚረግመው ቡፌውን ያዞረውን ነው።

ከዚህ ታሪክ እስካሁን የሚያስቀኝ አንድ ነገር አለ። የቫይረሱ ጸሐፊዎች ራሳቸው ቶሎ ብለው የተስተካከለ ቅጂ አወጡ፤ ከአዲሱ ከርነል ጋር ተስማምቶ የሚሠራ። ማሽኖቹ መውደቃቸው ለእነሱም ኪሳራ ነበር፤ ያልተነሳ ኮምፒውተር አይሰረቅበትምና።

ጋሼና ደንበኞቹ የተጣሉት በዚያ ሰሞን ነው። አንደኛው መንገድ ቀላል ነው። ከዊንዶውስ ሲዲ ተነስቶ፣ አር ብሎ ሪከቨሪ ኮንሶል ገብቶ፣ ስሙ በዶላር ምልክት ተጀምሮ በዶላር ምልክት የሚያልቀውን የአፕዴቱን ፎልደር ፈልጎ አፕዴቱን ማውጣት። ማሽኑ ይነሳል። ሌባውም እፎይ ብሎ ይቀጥላል። ሁለተኛው ኤታፒን ራሱን መለወጥ ነው፤ ሲዲው ላይ ያለው ንጹሕ ቅጂ ተጠቅጥቆ የተቀመጠ ስለሆነ «ኤክስፓንድ» በሚል ትእዛዝ ተዘርግቶ በበሽተኛው ላይ ይጻፍበታል፤ ከዚያ ሙሉ ፍተሻ ይከተላል። ረጅም ነው። ደንበኛው «እኔ እንዲነሳልኝ ብቻ ነው የምፈልገው» ይላል። ጋሼ «እኔ ደግሞ ሌባ አስገብቼ በር አልቆልፍም» ይላሉ። አንዳንዱ ማሽኑን ይዞ ወጥቶ ሄደ፤ ገንዘብ አጣንበት። ያን ጊዜ ግትርነት መስሎኝ ነበር። በኢንተርኔት ባንክ መጠቀም ከተጀመረ ወዲህ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ብዙ ወሬ የላቸውም። ዊንዶውስ 7 እንቢ ሲል ራሱን የሚጠግን ሆኖ መጣ፤ ዊንዶውስ 10 ደግሞ አፕዴቱ ካልሠራለት ራሱ አውጥቶ ይጥለዋል። ኤፍ 8ን እንደ ድሮው የሚያንኳኳ ቀረ። ጋሼ ዓይናቸው ሲደክም ሱቁን ለቀቁ፤ አብሮኝ ተለማማጅ የነበረው ልጅ ዲቪ ደርሶት ቨርጂኒያ ገባ፤ እኔ እዚሁ ቀረሁ።

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ጠዋት፣ በእኛ ሰዓት 1 ሰዓት ከ9 ላይ፣ ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ድርጅት ለደንበኞቹ አንድ ትንሽ ፋይል ላከ። ከ78 ደቂቃ በኋላ መለሰው፤ ግን በዚያች ጊዜ ውስጥ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖች ወድቀዋል። አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ወደ ወረቀት ተመለሱ። የጋሼ አባባል እዚህ ላይ አይሠራም። የተደበቀ ሌባ አልነበረም፤ አምራችም በስህተት የገለበጠው ቅጂ የለም። ፋይሉ 21 መረጃ ይጠብቃል፣ ፕሮግራሙ የሚያቀርበው 20 ብቻ ነው፤ 21ኛውን ሊያነብ ሲዘረጋ የእሱ ያልሆነ ማኅደረ ትውስታ ነካ፤ ከከርነሉ ጋር አብሮ ስለሚኖር ሁሉንም ይዞ ወደቀ። አፕዴቱ ራሱ ነው የሰበረው።

ጥገናው ግን ወደ እኛ ዘመን መለሰን። ከሩቅ ሆኖ የሚሠራ አልነበረም፤ ማሽኑ ካልተነሳ ኔትወርክ የለውማ። ሰው በእግሩ ሄዶ፣ ሴፍ ሞድ አስገብቶ፣ ድራይቨሮቹ ካሉበት ፎልደር ውስጥ ስሙ በሲ ጀምሮ 00000291 የሚለውን ፋይል ሰርዞ፣ ማስነሳት። ከዚያ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ። ቨርጂኒያ የገባው ጓደኛዬ ሆስፒታል ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ሲነጋባቸው በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ። አብረውት ያሉት ወጣቶች ሁሉን ነገር ከደመና ላይ የለመዱ ናቸው፤ ሴፍ ሞድ ማስገባት ያሳየኋቸው እኔ ነኝ ብሎ ይኩራራል። «ዎርዱ ውስጥ ያለችውን ነርስ ስልክ ላይ የት ድረስ ይሄዳል ብዬ በእንግሊዝኛ ስጠይቃት፣ የትም አይሄድም፣ ጠረጴዛው ላይ ነው አለችኝ።»

ያ ክረምት ለኔም ሥራ አምጥቶልኛል፤ በሌላ በኩል። በሐምሌው የዊንዶውስ አፕዴት የተነሳ አንዳንድ ማሽኖች ሲነሱ ሰማያዊ ገጽ አምጥተው ዲስኩን የሚያመሰጥረውን የቢትሎከርን ቁልፍ ይጠይቁ ጀመር፤ ማይክሮሶፍት ነሐሴ ላይ እስኪያስተካክለው ድረስ። ቁልፉ 48 አሃዝ ነው። ያ ከሌለ ዲስኩ የተመሰጠረ ስለሆነ ኡቡንቱም፣ የጋሼ ሲዲም፣ የኔ ዕድሜም አይከፍተውም። አንድ ወጣት ላፕቶፑን ይዞ መጣ፤ ቁልፍ የሚባል ነገር አስቀምጦ አያውቅም፤ አላስቀመጠምም ነበር። ላፕቶፑን የላከችለት ዳላስ ያለች እህቱ ናት፤ ከመላኳ በፊት ከፍታ በራሷ አካውንት አዘጋጅታዋለች። ቁልፉ ያለው እሷ አካውንት ውስጥ ነው።

«ደውልላት» አልኩት።

«እዚያ እኮ ሌሊት ነው።»

«ይሁና።»

ደነገጠች፤ ሌሊት ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል ማን አይደነግጥም። ማንም እንዳልሞተ ካረጋገጠች በኋላ አካውንቷን ከፈተች። ከቁልፉ በፊት የመለያ ቁጥሩ መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን አጣራን፤ የራሷም ላፕቶፕ እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለና። ከዚያ ስድስት ስድስት እያደረገች አነበበችልን። እያንዳንዱ ስድስት አሃዝ ለ11 እንዲካፈል ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ አንዷን ብንስት ማሽኑ ወዲያው ይነግረናል፤ አራተኛው ላይ ነገረን፤ ስድስትና ሰባትን በእንቅልፍ ልቧ አቀያይራለች። ስምንተኛው ሲሞላ ተነሳ።

«አፕዴት የሚባለውን ነገር ጭራሽ አጥፋልኝ» አለኝ ልጁ።

አላጠፋሁለትም። በምትኩ 48ቱን አሃዝ በወረቀት ጽፌ ከቤት ካርታና ከልደት የምስክር ወረቀት ጋር እንዲያስቀምጠው ነገርኩት። እሺ ብሎ፣ ከፍሎኝ፣ እህቱን እያመሰገነ ወጣ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ስለነበር ታክሲ ሳይዝ ሮጬ ደረስኩበት።